ያልተያዘላት ጾም

የበረኪና ሽታ። ኮምቦልቻ በተከራየሁበት ግቢ ሴቶቹ እሁድ እሁድ ልብስ ሲዘፈዝፉ ይሸተኛል፤ ያን ጊዜ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ሙቀቱ አያስቀምጥም፣ ቢሆንም እዘጋለሁ። ምን ሆነህ ነው ይሉኛል። ራሴን አሞኝ ነው እላለሁ። ላንተ ግን ልንገርህ።

በዚያ ረመዳን የደሴው ቤታችን በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ እዚሁ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ አሞኛል ብላ ፈቃድ ወስዳ መጣች። እናቴ ደስ አላት። አብረው ሊጾሙ ነው።

ሴት በወር አበባዋ ሰሞን ጾምም ሶላትም የለባትም፣ ያለፋትን ጾም በኋላ ትከፍላለች። እህቴ በየዓመቱ ያን ሰሞን ጓዳ ገብታ ቂጣ ስትጎርስ እይዛታለሁ። "በል ውጣ! አላህ የተወልኝን አንተ ልትቆጣጠረኝ ነው?" ትለኛለች፣ አፏ እንደሞላ። እንስቃለን።

ያን ዓመትም መጀመሪያ ጓዳ ገባች። ከዚያ አለፈልኝ ብላ መጾም ጀመረች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ ሳፋው አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። የሳፋው ውሃ ቀይ ነበር፣ የበረኪናው ጠርሙስ ከጎኗ። ልትሸፍነው ሞከረች፣ ከዚያ ተወችው። ነገረችኝ። አርግዛ ነበር። ደጋን ከተማ አንዲት ሴት ቤት ሄዳ አስወርዳለች፤ ደሙ ግን አልቆመም። ሰውየው ማን እንደሆነ ስጠይቃት "እሱን ተወው" አለች።

"ሐኪም ቤት እንሂድ" አልኳት።

"አብደሃል? ያሳስሩኛል። በሕግ ክልክል እኮ ነው።"

"እንግዲያው ጾሙን ፍቺ። ውሃ እንኳ ጠጪ።"

"ከዚህ በላይ ከፈታሁ እማ ትነቃለች።" ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረች። "አብሽር። ይቆማል።"

ሕጉ ለአንዳንዶች በር እንዳለው፣ ደም እየፈሰሳት የመጣችን ሴት ደግሞ ማንም ሐኪም እንደሚያክማት አንዲት ነርስ ነግራኛለች። በኋላ ነው የነገረችኝ። ያኔ እኛ የምናውቀው ክልክል መሆኑን ብቻ ነበር።

ከእናቴ ጎን ቆማ ትሰግድ ነበር። ከሱጁድ ስትነሳ ግድግዳውን ትይዛለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። እናቴ ለጎረቤት "ልጄ ፋብሪካው ቢያከሳትም በዲኗ በርትታለች" ትላለች፤ እህቴ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ላይ ወደቀች። ሮጬ ባጃጅ አመጣሁ። እናቴ ራሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘቻት። የባጃጁ ሸራ ይርገበገባል፣ ፀሐይዋ ጦሳ ተራራ ላይ ደርሳለች። ውሃ አፏ ላይ አስጠጋሁላት።

"ለታመመ ተፈቅዷል፣ ጠጪ ልጄ" አለች እናቴ።

እህቴ እኔን አየችኝ። ከንፈሯን ገጠመች።

"ትንሽ ነው የቀረው" አለች። መግሪብን፣ ጾም የሚፈታበትን ሰዓት ማለቷ ነበር።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስለ ደሙ ለተቀበለችን ነርስ በጆሮዋ ነገርኳት። ይዘዋት ሮጡ። አዛን ሲል እኔና እናቴ ኮሪደሩ ላይ ነበርን። ሰዎች ቴምር ሰጡን። በእጃችን እንደያዝነው ሐኪሙ ወጣ።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ "ጾማ ሞተች፣ ታድላ" ይላል። እናቴም "አዎ፣ ጾማ ነው የሞተችው" ትላለች። እኔ ዝም። እንዳታውቅ ብዬ ዝም።

ከዒድ በኋላ፣ ሰው ሁሉ መብላት ከጀመረ ቆይቶ፣ እናቴ ምሳ አቅርባልኝ እሷ ሳትቀርብ ቀረች።

"ጾመሻል እንዴ እማ?"

"የእህትህን ቀዷ ነው። ያለፋትን እየከፈልኩላት ነው።"

"እሷ ጾማ የለ?" አልኩ።

እናቴ ሻሿን አስተካከለች።

"ደም ላይ ያለች ሴት ጾሟ አይያዝላትም" አለች። "ለቀብር ገላዋን እኔ አይደለሁ ያጠብኳት?"

እጄን ከትሪው ላይ አነሳሁ። "ብላ" አለችኝ። አልቻልኩም። እስከ መግሪብ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ይኸው ዓመታት አለፉ። የዚያ ረመዳን ቀን መቼም ተከፍሎ አልቋል። ከዚህ ስደውልላት ግን፣ ምሳ በላሽ ወይ ስላት፣ ብዙ ጊዜ "ጾም ላይ ነኝ" ትለኛለች።

የማንን እንደሆነ አልጠይቃትም።