ሲቆርጡት የሚጮኸው አጥር

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እዚሁ ሰበታ ነው። የሚያውቀኝ ሁሉ አፌ ሥራ እንደማይፈታ ያውቃል። ያን ቀን ግን አንዲት ሴት ዝም አሰኙኝ፤ የማልረሳውም ለዚህ ነው።

ጎረቤታችን እመት አስካለ የከብት ሌባ ቢያስመርራቸው በበረታቸው አጥር ዙሪያ ሽቦ ወጥረው፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አንጠለጠሉ፤ ከሥሩ ባዶ በርሜል ደፉ። ሽቦውን ቢነካኩት ድንጋዩ በርሜሉን ይደበድባል። ብልጥ ነኝ ብሎ የቆረጠው ደግሞ ባሰበት፤ ድንጋዩ እንዳለ ይወርዳል። አንዱ ሌባ ቆረጠው። ጩኸቱ ፉሪ ድረስ ተሰማ። እኔማ የሱሉልታ ውሾች ደንግጠው ጮኹ እላለሁ፤ ያላመነ ሄዶ ውሾቹን ይጠይቅ።

ወሬው ሲነዛ ሽቦ ነጋዴው ኦቦ ደበላ ያንኑ አጥር «የራሴ ዘዴ ነው» እያለ ለሰው ይሠራ ጀመር። እመት አስካለም «ያለ እኔ ፈቃድ ማንም እንዳይሠራው ይፈረድልኝ» ብለው አጥቢያ ዳኛ ፊት ከሰሱት።

ችሎቱ ሜዳ ላይ ነበር። ኦቦ ደበላ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ሽቦ ነበረ። ድንጋይ ነበረ። በርሜልም ነበረ። እመት አስካለ የፈጠሩት የቱን ነው? ይህንንማ ማንም ያስበዋል! ካልሆነ በቅሎዬን እሰጥ!»

በችሎት እንዲህ መወራረድ የዘመኑ ወግ ነበር። ሰዉ «እውነቱን ነው!» አለ፤ የእኔ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር።

እመት አስካለ ዳኛውን እጅ ነሥተው ወደ እኛ ዞሩ።

«እስቲ ከብት ተሰርቆበት የማያውቅ እጁን ያንሣ።»

እጅ ጠፋ።

«ሽቦ አጥታችሁ ነው? ድንጋይ አጥታችሁ ነው?»

ከዚያ ወደ ኦቦ ደበላ መለስ አሉ።

«ኦቦ ደበላ፣ ሁለቱ በሬዎ የተነዱ ዕለት የሽቦ ጥቅል ላይ ተቀምጠው ነበር የሚያለቅሱት። ማንም የሚያስበው ከሆነ፣ ምነው ያኔ አላሰቡት?»

ሜዳው እረጭ አለ። የዝንብ ክንፍ እንደ ነጋሪት ይሰማ ነበር። እኔም፣ ቀልዴን ትቼ ልናገርና፣ ያን ሲጮህ የነበረ አፌን በእጄ ያዝኩ።

 ኦቦ ደበላ ማንም ሳያዘው ሄዶ በቅሎውን ፈታና ልጓሙን አስጨበጣቸው።

«ዱጋ! እውነት ነው አዴ አስካለ። አልታየኝም ነበር።»

ዳኛው ፈረዱላቸው። እመት አስካለም «በቅሎዋስ ትቅር» ምናምን አላሉም፤ በቅሎዋ ላይ ወጥተው ሄዱ።

ዛሬም ሰው አዲስ ነገር ሠርቶ ሲያሳየኝ «ይቺማ ቀላል ናት» ልል አፌን እከፍታለሁ። ወዲያው ያ ዝምታ ይመጣብኛል። ስንቱን ነገር በየቀኑ እየረገጥኩት እንደማልፍ ሳስብ ይገርመኛል፤ ተነሥቼ ሠሪውን እጅ እነሣለሁ።