ከነጥምጥሙ የተለካ ቁመት

እኔም ባሌም አጭር ነን። የሰቆጣ ገበያ በደመቀ ቀን ከተጠፋፋን ሰው ካላገናኘን በቀር አንገናኝም። ለራሳችን ግድ የለንም፤ እኔን የሚያሳስበኝ የልጃችን ነገር ነበር። መረብ ኳስ ትጫወታለች፤ መረቡ ሥር ቆሞ ለመምታት ደግሞ ቁመት ያስፈልጋል። አሠልጣኟ «ትንሽ ብትጨምር ጥሩ ነበር» ካሉኝ ወዲህ ወተት በላይ በላዩ እያጠጣሁ አስመርሬያታለሁ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ዘንድሮ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቼ አንድ ሥራ ሰጠሁ፤ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደየገጠሩ ሲሄዱ የእናት የአባታቸውን ቁመት ለክተው እንዲመጡ። የወላጆቹን አማካይ ወደ ጎን፣ የልጃቸውን ቁመት ወደ ላይ አድርገን ነጥብ አስቀመጥን፤ ሴቶቹን ለብቻ። ከዚያ በነጥቦቹ መካከል ለሁሉም የሚቀርበውን ቀጥ ያለ መስመር አሰመርን። የወላጆችን ቁመት ያወቀ ሰው በዚህ መስመር የልጃቸውን ይገምታል። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ያሰብኩት ለልጄ ስል ነው።

የእኔንና የባሌን ቁመት ባስገባ መስመሩ ልጄን ካሰብኩት በላይ አስረዘመልኝ! ፈነጠዝኩ። ነገር ግን በቀኝ በኩል ጥቂት ነጥቦች ዝቅ ብለው ተበትነዋል፤ ወላጆቹ ግዙፍ፣ ልጆቹ ደቃቃ። የአንዷ አባት ቄስ ናቸው። አውቃቸዋለሁ፣ ከእኔ ብዙም አይበልጡም።

«ከነጥምጥማቸው ነው እንዴ የለካሻቸው?» አልኳት።

«ታዲያስ ቲቸር! እኔ ልጃቸው ጥምጥምዎን ያውልቁ ልበላቸው?»

የሌሎቹ ቄሶች ልጆችም እንደዚያው አድርገዋል። ጥምጥሙ አባቶቹን ወደ ቀኝ ገፍቶ መስመሩን አጋድሞታል፤ በግራ በኩል ያለነው የእኛ የአጫጭሮቹ ልጆች በዚህ ሰበብ ከፍ ብለዋል። ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዳለ ልተወው አሰብኩ። ለተማሪዎቼ ግን ምን ብዬ? እንደገና አስለካሁ፤ አባቶቹም ጉዳዩን ሲሰሙ እየሳቁ አወለቁ። መስመሩ ቀና አለ፣ ልጄ አጠረች።

ከልምምድ ስትመለስ ቁመቷ የተገመተበትን ወረቀት ሰጠኋት። እሷም አየት አድርጋ መለሰችልኝ።

«ልክ ነው እማዬ። እኔ'ኮ ከኋላ ኳስ የማነሳ፣ ቁመት የማያስፈልገው ሊቤሮ ከሆንኩ ቆየሁ። እንድረዝም የምትፈልጊው አንቺ ነሽ፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»