ቦሌ ነው የተባለው ጭቃ

ይቅርታ ብዬ ልጀምር። መጻፍ የተማሩ ሰዎች ነገር መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ፊደል የለየሁት ካደግሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዛሬም ረዘም ያለ ቃል ሲገጥመኝ ጣቴን አስቀድሜ ነው የምሄደው። ሰው ፊት ቆሞ ማውራት ባያስፈራኝ ኖሮ ይህን በአፌ ብነግራችሁ ይቀለኝ ነበር። ስህተት ያገኘ ያርመው። የጎረቤቴን የሙሉካን ነገር ግን ሳይሰማ አይለፍ።

ሙሉካ ከሮቤ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ከተማውን ጨርሶ ወደ ስንዴው ማሳ በሚገባበት በኩል ትኖራለች። ወተት ሻጭ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ያቆሙት ላሞቿ ናቸው። ገና ጎህ ሲቀድ ታልብና ወተቱን ማሜ ሻይ ቤት አድርሳ፣ ማሜ «ቁጭ በይ፣ ሻይ ጠጪ» እያለ ሲለምናት እሷ ቆማ ትጠጣለች። መቀመጥ አይሆንላትም። ለቅሶ ቤት እንኳ ስትሄድ ወይ ውሃ ስትቀዳ ወይ ግቢ ስትጠርግ ነው የምትገኘው። «ሙሉካ የምትቀመጠው ለሶላት ብቻ ነው» ይሏታል የሰፈሩ ሴቶች፤ እሷም ትስቃለች፣ እየሳቀች ግን ተነስታ ሌላ ሥራ ትይዛለች።

ከቤቷ በታች የሰፈሩ የጋራ ግጦሽ አለ፣ ከግጦሹ ግርጌ ምንጭ። ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከዚያ ነው።

ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ፣ የከተማውን ድልድይ የደፈነው ደለል ይጠረግ ተባለ። አምና ወንዙ ሞልቶ ሱቅ ድረስ ገብቶ ስለነበር ሰዉ ደስ አለው። ከሩቅ አገር አንድ ተቋራጭ ማሽንና ገልባጭ መኪኖች ይዞ መጣ። ማሽኑ ከወንዙ ሆድ ያወጣው ጭቃ ግን እኛ የምናውቀው ጭቃ አልነበረም። ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ዘይት ቀስተ ደመና ይሠራል። የየጋራዡ የተቃጠለ ዘይት፣ የተሰበረ ባትሪ፣ ፌስታል፣ ከተማው ለዓመታት ወደ ወንዝ የጣለው ሁሉ አለበት። ገልባጮቹ ያንን እየጫኑ መጥተው ግጦሹ አናት ላይ፣ ልክ ከምንጩ በላይ ይደፉት ጀመር።

መጀመሪያ ማንም አልተቃወመም። ለምን አልተቃወመም ቢባል፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አገር ከብት ቦሌ ይልሳል፤ ቦሌ ማለት ከመሬት የሚወጣ ጨዋማ አፈር ነው። ከብቱ ሲልሰው ወተቱ ይበዛል፣ ፀጉሩ ይለሰልሳል፤ ሰዉ ለዚያ ብሎ ከብቱን ሩቅ ድረስ ይነዳል። እና ክምሩ በተደፋ ማግሥት የሙሉካ ላም ቡሬ ቀጥ ብላ ሄደች፣ አሸተተች፣ ምላሷን አውጥታ ላሰች። ሌሎቹም ተከተሉ። ሙሉካ ቆማ አየቻቸውና ጮክ ብላ ተጣራች።

«ኑ እዩ! ወንዙ ቦሌ ተፋልን! አልሃምዱሊላህ፣ ደጃችን ድረስ መጣልን!»

የላም ነገር ከሙሉካ በላይ ማን ያውቃል? ሁሉም አመናት። ጎረቤቷ ፈርዶሳማ በማዳበሪያ ጆንያ ሞልታ ወስዳ እቤቷ ለታሰረው ጥጃ ሰጠች።

ሳምንት ሳይሞላ ቡሬ ምራቋ ይዝረከረክ ጀመር። ሣር ዘጋች። የፈርዶሳ ጥጃ አንድ ጊዜ በጎኑ ወደቀ፣ እግሩን እየወነጨፈ ዋለ፣ ሞተ። ሌላም ቤት፣ ሌላም ቤት ከብት ታመመ። የከብት ሐኪሙ ገዛኸኝ መጥቶ የቡሬን ዓይን ገልጦ አየ፣ ክምሩ ድረስ ወጥቶ ጭቃውን በእንጨት ቆፈር ቆፈር አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«እሜቴ፣ ይሄ መርዝ ነው። ከባትሪ የሚወጣ ነገር አለበት፤ እሱ ደግሞ አፍ ላይ ይጣፍጣል፣ ለዚያ ነው የሚልሱት። እንዲህ ያለ ጭቃ ከውሃ ርቆ፣ ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ነው የሚቀበረው። ከብቱን አርቁ። ወተቱንም ለጊዜው ለሰው እንዳትሰጡ።»

«ምንጩስ?»

ገዛኸኝ ደመናውን አየ። «ዝናቡ ከገባ ይሄ ሁሉ ታጥቦ የሚወርደው ወዴት ይመስልዎታል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉካ ጭራሽ መቆሚያ አጣች። አሮጌውን በረት ትጠርጋለች፣ የተጠረገውን እንደገና ትጠርጋለች። ወደ ከተማ ትወጣለች፣ መሀል መንገድ ላይ ወተት እንዳልያዘች ትዝ ይላትና ትመለሳለች። ሰው ሰላም ሲላት ሁሉ «ቦሌ ተፋልን» ያለችው የራሷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይጮኻል።

ወንዶቹ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄዱ። «ጊዜያዊ ማስቀመጫ ነው» ተባሉ። ደግመው ሄዱ፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባሉ። ገልባጮቹ መመላለሳቸውን አላቆሙም። ደመናው ደግሞ በጎባ በኩል፣ ተራራው ላይ በየቀኑ እየከበደ መጣ።

አንድ ጠዋት ሙሉካ የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ቀመር ዘንድ ሄደች። በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣

«ሐጂ፣ ሲንቄ ለገልባጭ ይያዛል?» አለቻቸው።

ለማያውቅ ልንገር፤ ሲንቄ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትወጣና እልል ትላለች፤ የሰማች ሴት ሁሉ የያዘችውን ጥላ መውጣት አለባት። ወንድ ሲንቄ አይሻገርም። ሴቶቹ ከወጡ ሽማግሌ ተነስቶ ሳያስታርቅ ወደ ቤታቸው አይገቡም። አሁን አሁን ግን ሲንቄ የምትታየው ሠርግ ላይ ነው።

ሐጂ ቀመር ሳቁ። «ለባል ሲያዝ አይቻለሁ፣ ሁለት ጎሳ ሲጣላ አይቻለሁ። ለሞተር ሲያዝ አላየሁም።»

«የሚነዳው ሰው አይደል?»

«ሰው ነው።»

«እናት የለችውም?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ሰበሰቡ። «ስሚኝ ልጄ፣ ሲንቄ ብቻዋን እንጨት ናት። ሴቶቹ ከወጡልሽ እኛም መቀመጥ አንችልም፣ ወጉ ያስነሳናል። ካልወጡልሽ ግን በአገሩ ፊት ታፍሪያለሽ። አንቺ ጠርተሽ የሚወጡልሽ ይመስልሻል?»

ያን ያህሉንማ እሷም ስታስበው ነው የሰነበተችው።

ከዚያ ወደ ፈርዶሳ ቤት ሄደች። ፈርዶሳ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ቀና አላለችም።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ፈርዶሳ?»

«ደህና ነኝ፤ የሚሞት ጥጃ ስለሌለኝ በሰላም አደርኩ።»

ሙሉካ ጠጋ አለች። «ቦሌ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አዲስ ነገር ነገርሽኝ!»

«ገልባጩ ሲመጣ ሲንቄዬን ይዤ መንገዱ ላይ እቆማለሁ። አንቺ ከወጣሽ ሌሎቹም ይወጣሉ።»

ፈርዶሳ የያዘችውን ጋቢ ጠምዝዛ ጨመቀችው። «ያንቺን አፍ አንድ ጊዜ አምኜ ጥጃዬን ቀበርኩ። አሁን ደግሞ ራሴን ልቅበር? ሂጂ፣ ሳሙናዬ እየሟሟ ነው።»

ሙሉካ ወጣች። ቤቷ ገብታ ሲንቄዋን ከማዕዘኑ አነሳች፣ አቧራዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ቅቤ ቀባቻት። ቁጭ ብላ ለመጠበቅ ሞከረች፤ ተነሳች። ገልባጩ ከድልድዩ በኩል ሲያጓራ ስትሰማ እየሮጠች ነው የወረደችው።

መንገዱ መሀል ቆመች። ሲንቄዋን በሁለት እጇ አግድም ያዘችና እልል አለች። ድምፅዋ እንደፈራችው ቀጭን ሆኖ ወጣ። ደገመች። ከአንድ ግቢ ውሻ ጮኸ እንጂ ሴት አልወጣችም።

ገልባጩ አጠገቧ ደርሶ ቆመ። ሾፌሩ ጉቱ የሚባል የጊኒር ልጅ ነው፤ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አዮ፣ እማማ፣ ምነው? እባክዎ ይለፉልኝ።»

«እለፍ፣ ማን ያዘህ! ይቺን ተሻግረህ እለፍ።»

ጉቱ በትሯን አየ። ሞተሩን አጠፋ። ከጎኑ የተቀመጠው ተቆጣጣሪ፣ አገሩን የማያውቅ ሰው ነው፣ ዞሮ አፈጠጠበት።

«ምን ሆነሃል? ዱላ ትፈራለህ?»

«ዱላ አይደለም ጌታዬ።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ምን ብዬ ላስረዳዎት... እናቴ ከሰማች ቤቷ አታስገባኝም።»

«እናትህ ናት ደመወዝ የምትከፍልህ? ውረድ! እኔ እነዳዋለሁ።»

ጉቱ ወረደ። ተቆጣጣሪው ወደ መሪው ተሸጋግሮ ሞተሩን አስነሳ። ገልባጩ እየተንቀጠቀጠ ጭሱን ለቀቀ፣ ትንሽ ወደፊት ገፋ አለ። ሙሉካ አልተነቃነቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት ሴት እዚያ ጋ ተተከለች። ሦስተኛ እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም።

እልልታው የመጣው ከኋላዋ ነው። ወፍራም፣ የተቆጣ እልልታ። ዞር ስትል ፈርዶሳ እጇ ላይ ሳሙናው ሳይደርቅ ሲንቄዋን ይዛ ትሮጣለች።

«ላንቺ አልመጣሁም!» አለች ገና ከሩቅ። «ለጥጃዬ ነው የመጣሁት!»

«ለማንም ነይ! ብቻ ነይ!»

የፈርዶሳን ድምፅ የሰማ ግቢ ሁሉ ተከፈተ። ነፍሰ ጡሯ ሰሚያ ወጣች፣ አሮጊቶች ወጡ። ሊጥ የነካካ እጅ ይዛ የወጣች አለች። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ሐመልማል ደግሞ የታጠፈ ጥላዋን ይዛ እያለከለከች ደረሰች።

«እናቴ ሲንቄ አልሰጠችኝም፤ ያለኝ ጥላ ነው። ይሆናል?»

«ይሆናል፣ ይሆናል! ዝናብ ከመጣ ሁላችንንም ታስጠልይናለሽ!»

ሳቁ። ተቆጣጣሪው በመስታወቱ አሻግሮ የሚስቁትን ሴቶች አየ፣ በትሮቹን አየ፣ ከዚያ ሞተሩን ራሱ አጠፋው።

ሐጂ ቀመር ሌሎች ሽማግሌዎችን አስከትለው፣ ከዘራቸውን እየተደገፉ ወረዱ። ተቋራጩ በስልክ ተጠርቶ ከከተማ መጣ። ሴቶቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙሉካ ብቻ ቆማለች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አንደፋም። በቃ ግቡ» አለ ተቋራጩ።

«የተደፋውስ?» አለች ሙሉካ።

«እሱን ዝናቡ ካለፈ በኋላ እናነሳዋለን።»

«ዝናቡ ካለፈማ ምን ታነሳለህ? ጠጥተን ጨርሰነዋል!»

ጭቅጭቁ ረዘመ። ምሳ ሰዓት አለፈ። የአንዷ ባል መጥቶ ከዳር ቆመና «ምሳስ?» ቢል፣ ፈርዶሳ «ተቋራጩ ጋብዞናል፣ አንተም ተቀመጥ!» ብላ አሳፈረችው። ሐጂ ቀመር በመጨረሻ ተቋራጩን ወደ ጎን ወሰዱት። ምን እንዳሉት አልሰማንም። ሲመለስ ግን ፊቱ ቀዝቅዞ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ መሐላ እርጥብ ሣር አስያዙት፤ ሣሩን ይዞ በሁሉ ፊት ተናገረ፣ ገልባጮቹ ከነገ ጀምሮ ክምሩን ያነሳሉ፣ ከውሃ ርቆ ላስቲክ በሚነጠፍበት ጉድጓድ ይቀብሩታል አለ። ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቃሉን ያጥፋና ያያል» አለች ፈርዶሳ፣ ሲመለሱ። ከሙሉካ ጎን አልሄደችም፤ ግን ብዙም አልራቀቻትም።

በማግሥቱ ጠዋት ሙሉካ ከሱብሂ ሶላት ቀጥላ ቡሬን አለበች። ወተቱን እንዳለ ከግቢው ጥግ አፈር ላይ ደፋችው፤ ላሚቱ ግን ሣር መቀማመስ ጀምራ ነበር። ነድታ ወደ ላይ፣ ሐመልማል ግቢ ወዳለው የውሃ ጉድጓድ ወሰደቻትና አጠጣቻት። ስትመለስ ፊቷ ላይ ጠብ አለባት። ቀና ብላ አየች፤ ተራራው በደመና ተሸፍኗል። ክምሩ እንዳለ አለ። ገልባጭ የለም።

አካፋ ይዛ ወረደች። ከክምሩ በታች፣ በክምሩና በምንጩ መሀል ቦይ ትቆፍር ጀመር፤ የሚወርደው ውሃ ምንጩን ስቶ እንዲያልፍ። መሬቱ ደረቅ ነው፣ አካፋው ይነጥራል። ትንሽ ቆይታ የዶማ ድምፅ ሰማች። ፈርዶሳ ናት። ደህና አደርሽ አላለችም፤ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረች።

ካፊያው መለስ ቀለስ ይላል። በዚያ መሀል ከድልድዩ በኩል የገልባጭ ድምፅ መጣ። ሁለቱም ቆፈራቸውን ገታ አደረጉና ጆሮ ሰጡ። ጭነት ያለው ገልባጭ ያጓራል፤ ይሄ ግን እየተንኳኳ፣ ብረቱ እየጮኸ ነው የሚመጣው።

«ባዶውን ነው፤ ሊጭን ነው የመጣው» አለች ፈርዶሳ።

ሙሉካ ቀና አለች። ወደ መንገዱ እያየች ቆየችና ቦዩን ቀጠለች።