በማር ሂሳብ የተቀዳ ቤንዚን

በሰቆጣ ገበያ ታማኝ የሚባለው ገና ያልተያዘው ነጋዴ ነው። አሳምነው ግን የእውነት ታማኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ማር ሲመዝን አንድ ቀን እንኳ አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ አላሳረፈም። ይህንንም ላልሰማው እየነገረ፣ ለሰማው እየደገመ ኖረ። ሌሎቹ ኪሎ ይሰርቃሉ፤ እሱ ደግሞ የሰው ጆሮ።

ማሩ ከገጠር የሚመጣው በሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ሙሉ ጀሪካን ማር ሃያ ስምንት ኪሎ ይመዝናል። አሳምነው ይህችን ቁጥር እንደ አቡነ ዘበሰማያት ያውቃታል። ጀሪካኑን በአንድ እጁ ብድግ ያደርግና፣ «ይኼ ሃያ ስምንት አይሞላም፤ ውሃ ነክቶታል» ብሎ ገበሬውን ያሳፍረዋል። ሚዛን ላይ ሲወጣ እንዳለው ይሆናል። ሰው በዚህ አበደለት። እኛ ዘንድ አንድ ቁጥር የሚያውቅ ሰው በሁሉም ነገር ላይ ይሾማል፤ ሿሚዎቹ ምንም የማያውቁት ናቸው።

እህቱ ዘመናይ ከጽጽቃ ወዲያ፣ ወንዝ ዳር ማሾ ትዘራለች። በዚያ ዓመት ማሾው አበባ እንዳወጣ ዝናቡ ቀጥ አለ። የዘመናይ ልጅ ሊድያ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ እንደ እኩዮቿ ሁሉ ቤት ተቀምጣለች። ደላላ ፓስፖርት አስወጥቶላት ዐረብ አገር ሊልካት ቸኩሏል። እናትየው ግን፣ «ማሾው ካፈራ ሰቆጣ ገብታ ነርስነት ትማራለች። ካላፈራ ይውሰዳት» ብላ ቆረጠች።

«ደላላው ይጠብቅ። ማሾው ያፈራል» አለ አሳምነው። ቃል ሰጠ ማለት ነው።

የተማመነው በእርዳታ በመጣው የውሃ ሞተር ነበር። በርክክቡ ዕለት ባነር ተሰቅሏል፣ ንግግር ተደርጓል፣ ሰፊው ሕዝብ ፀሐይ ላይ ቆሞ አጨብጭቧል። ቤንዚን ግን ማንም አላነሳም። ኋላ ላይ አንድ ባለሙያ፣ ጫማው አቧራ የማያውቅ ልጅ፣ ከሞተሩ ጋር የመጣውን ወረቀት አነበበላቸው፦ ሞተሩ በሰዓት ዜሮ ነጥብ ሰባት ኪሎ ቤንዚን ይበላል። ማደያው ደግሞ በጀሪካን የሚቀዳው የሊትሩ ልክ የተጻፈበት ደብዳቤ ለያዘ ብቻ ነው።

«ኪሎውን ወደ ሊትር ቀይሩና አምጡልኝ፤ እፈርማለሁ» አለ ባለሙያው። መቀየሩ የእሱ እንጀራ ነበር። መፈረሙን ይመርጣል።

የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ብዙ ሳይጨነቅ ወደ አሳምነው መጣ። ኪሎና ሊትር ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

አሳምነው አሰላ። ማሾው ፍሬ እስኪቋጥር አሥር ቀን ውሃ ይበቃዋል። በቀን ስምንት ሰዓት፣ በጠቅላላው ሰማንያ ሰዓት። በሰዓት ዜሮ ነጥብ ሰባት ከሆነ ኀምሳ ስድስት ኪሎ።

«ሃያ ስምንትና ሃያ ስምንት» አለ ደስ ብሎት። «ሁለት ጀሪካን፣ አርባ ሊትር። በሰዓት ግማሽ ሊትር መሆኑ ነው።»

ሂሳቡ እንዲህ አምሮ ሲገጥም ማን ይጠራጠራል? ቤንዚን ከውሃ እንኳ ይቀልላል። ሙሉ ጀሪካኑ አሥራ አምስት ኪሎ ቢሆን ነው። ሞተሩ በሰዓት የሚጠጣው አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ለሰማንያ ሰዓት አራት ጀሪካን ያህል ያስፈልገዋል። ባለሙያው ግን «አርባ ሊትር» ከሚለው ሥር ፈረመ። ማኅተሙ አንድም ጫፉ አልደበዘዘም።

ቤንዚኑን መኪና ከማይገባበት መንደር የሚያደርሰው በቅሎ ጫኙ ቢምረው ነው። አሳምነው ሱቅ ደጃፍ ጀሪካኖቹን ጭኖ ቆም አለ።

«ጋሽ አሳምነው፣ እነዚህ የማሩ ጀሪካኖች አይደሉም?»

«ናቸው።»

«በማሩ ጊዜ በቅሎዬ ታቃስት ነበር። ዛሬ ምነው ዳንስ አማራት?»

«ጠግባ ይሆናል።»

«ከእኔ ጋር እየኖረች? ይልቅ ሚዛኑ እዚሁ ነው፤ አውጥተን እንየው።»

«ቤንዚን በማር ሚዛኔ ላይ?» አለ አሳምነው። «ሳህኑ አንዴ ከሸተተ ማሬን ማን ይገዛኛል?»

«እንግዲያው በእጅዎ ያንሱት። እጅዎ ሚዛን ነው ሲሉ አልነበር?»

«እጄም ማር ይነካል። ንዳ ይልቅ።»

ቢምረው ነዳ።

ውሃው ከቦዩ ራስ ጀምሮ በተራ ይወርዳል። የዘመናይ ማሳ ቦዩ ጭራ ላይ ነው፤ ተራዋ በስድስተኛው ቀን ደረሰ። በዚያው ጧት ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ጸጥ አለ።

ኮሚቴው ሌባ ፈለገ። ከበቅሎ ጫኝ የቀረበ ሌባ ከየት ይገኛል? ሰቆጣ ስልክ ሲደወል የማር ሚዛን የመሰለው ታማኙ ሰው ሳያመነታ፣ «ቢምረው መንገድ ላይ ቸርችሮት ነው» አለ።

ቢምረው ይህን ሰምቶ መጣ። ከመንገድ ዳር ቸርቻሪ ጀሪካን ሙሉ ቤንዚን ተውሶ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ የማሩ ሚዛን ላይ ዘጭ አደረገው።

«ያንብቡት» አለ።

አሳምነው አላነበበም። ማር ሊገዛ የቆመ ሰው አነበበለት፦ «አሥራ አምስት።»

«ቀሪውን ሰርቄ በቅሎዬን አጠጥቻታለሁ በሉኛ እንግዲህ» ብሎ ቢምረው ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ሄደ። ይቅርታ የጠየቀው የለም። ኮሚቴው ይቅርታ በአጀንዳው አልያዘም።

ለጎደለው ቤንዚን ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ባለሙያው ሥልጠና ሄዷል፤ እሱ እስኪመለስ ማኅተሙም አብሮ ተቆልፎበታል። ሲመለስ ፈረመ። የቦዩ ራስ ማሳዎች እንደ ምንም አፈሩ። የዘመናይ ማሾ አበባው ረግፎ፣ ፍየሎች ሳይቀሩ አልፈውት ይሄዱ ነበር።

ሊድያ በሄደችበት ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ሱቁ ገባች።

«ከሃያ ሦስት ኪሎ በላይ አያሳልፉም ብሎኛል ደላላው። ይመዝኑልኝ፣ ጋሼ።»

አሳምነው ሻንጣውን ሳህኑ ላይ አወጣው። በእጁ አልገመተም። አንዴ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

«አሥራ ዘጠኝ ነው። አራት ኪሎ ይቀርሻል» አለ። «ማር ልቋጥርልሽ?»

ሊድያ ሻንጣዋን አውርዳ ሥሩን አሸተተች፤ በነጠላዋ ጫፍም ጠረገችው።

«ይተዉት» አለች። «እዚህ ቤት ሁሉ ነገር ቤንዚን ቤንዚን ይላል።»