ቀይ የተቀባው ዘንግ

የአማቴ ግቢ አዳማ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። ሰው ሁሉ «የበዓል ግቢ» ይለዋል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ እኔ ልጃቸውን አግብቼ ስገባ ስሙ ነበረ። በዓል ካልሆነ በሩ አይከፈትም። በአዘቦት ቀን የሄደ ሰው ዶሮዎችና በሸራ የተሸፈኑ ጣውላዎች ነው የሚያገኘው።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ የመቂ አካባቢ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዳማ መጥተው አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ እጃቸው ብረት ለመደ። ለመጀመሪያ ልጃቸው፣ ለሚስቴ ማለት ነው፣ ለእንቁጣጣሽ ግራሩ ላይ ዥዋዥዌ አሰሩላት። የጎረቤት ልጅ ሁሉ መጣና ተሰለፈ። በዓመቱ ዥዋዥዌው ሁለት ሆነ። ቀጥሎ ቀለበት ውርወራ መጣ፤ ቀለበቱ የለስላሳ ጠርሙስ አንገት ላይ የገባለት ጠርሙሱን ይወስዳል። በመጨረሻ ትልቁ መንኮራኩር ቆመ፤ ከሞጆ ሳይቀር ሰው በባቡር እየመጣ የሚሳፈርበት።

መንኮራኩሩ አራት የእንጨት ሣጥን አለው፤ አንዱ ሣጥን ሁለት ልጅ ይይዛል። በእጅ መዘውር ነው የሚዞረው። አናቱ ላይ ሲደርሱ ሐዲዱ ወደ አዋሽ በኩል ሲሄድ ይታያል። ያ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለበት ዘንግ ከአሮጌ ካሚዮን የተነቀለ ብረት ነው።

ለየበዓሉ ግቢው ልብስ ይቀይራል። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል አደይ አበባ በየሣጥኑ ይታሰራል። ለኢድ አረንጓዴ ወረቀት ይዘረጋል፤ ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ እስላም ነበሩና። ለገና ደግሞ አማቴ ጥድ ያቆሙና ጥጥ ይበትኑበታል። እሳቸው ራሳቸው ቀይ ብርድ ልብስ ደርበው፣ የጥጥ ጺም ለጥፈው የገና አባት ይሆናሉ። በአዳማ ሙቀት ጺሙ ላብ ይጠጣና እኩለ ቀን ሳይሆን ይወድቃል። ልጆቹም አውቀው ነው፤ ከመንኮራኩሩ ይልቅ ጺሙ የሚወድቅበትን ሰዓት ይጠብቃሉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። በበዓሉ ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት፣ ቤተሰቡ መንኮራኩሩ ላይ ይወጣል። ሰባት ዙር። እሳቸው መዘውሩን ያዞራሉ፤ ጆሯቸውን ምሰሶው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ ለራሳቸው፤ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለት ነው። የሰው ልጅ ከልጄ በፊት አይወጣም ይሉ ነበር። እኔም አማች ሆኜ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ መሳፈር ሆነ።

ደርግ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ገደማ፣ በአንድ የገና ጠዋት፣ ዘንጉ ላይ ስንጥቅ አገኙ። እንደ ፀጉር የቀጠነች ናት። ጫፏ ላይ በምስማር ጭረት አደረጉና ይህችን ካለፈች አበቃ አሉ። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ከሰባቱ ዙር በፊት ጭረቷን ያያሉ። ለፋሲካ አላለፈችም። ሌላ ብረት ፍለጋ ጋራዥ ለጋራዥ ዞሩ፤ ያን ጊዜ ግን መለዋወጫ የሚባል ነገር ከገበያ ጠፍቷል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቀድሞ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ትርፍ ቤትና የከተማ ቦታ ሲወረስ ግቢያችንን «የሕዝብ መዝናኛ ነው» ብሎ ያስቀረልን እሱ ነው። ታዲያ ጥዱንና የገና አባቱን ከልክሏል። አማቴም ብርድ ልብሱን አጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱ።

ጳጉሜን ሲገባ ሊቀመንበሩ ትእዛዝ ይዞ መጣ። ዘንድሮ ግቢው የሚከፈተው ለእንቁጣጣሽ ሳይሆን በማግስቱ መስከረም ሁለት፣ ለአብዮት በዓል ነው። ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ። ስምንት የቀበሌ ልጆች ቀይ ስካርፍ አስረው እንግዶቹ ፊት መንኮራኩሩ ላይ ይወጣሉ። ግቢው በሙሉ ቀይ ይቀባ፤ ሌላ ቀለም እንዳይታይ። አራት ጣሳ ቀለም አስቀምጦልን ሄደ።

አማቴ በእንቁጣጣሽ ዕለት ቅዳሴ እንደወጡ ሞጆ ወረዱ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ብረት አለ ብሏቸው ነው። ማታ እመለሳለሁ አሉ። እኔ መቀባት ቀጠልኩ። አንድ የአብዮት ጥበቃ መሣሪያውን ታቅፎ ጥላው ሥር ተቀምጧል። ሣጥኖቹን ጨረስኩ፤ ምሰሶዎቹን ጨረስኩ።

«ያ መሃል ላይ ያለው ጥቁር ምንድን ነው?» አለኝ።

ዘንጉ ነው አልኩት። ቀለም አያስፈልገውም አልኩት። ሌላ ቀለም እንዳይታይ አልተባለም ወይ አለኝ። ድምፁ የጠብ አልነበረም፤ እንዲያው መሣሪያውን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ። መሰላል ላይ ወጣሁና ቀባሁት። ጭረቷን አውቃታለሁ። ስቀባት እጄ ስር ተሰምታኛለች። አማቴ ማታ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ፣ እንፍቀዋለን ብዬ አሰብኩ።

አልመጡም። መኪና አጥተው ሰዓት እላፊ ደረሰባቸውና ሞጆ አደሩ። በማግስቱ ሽንኩርት በጫነ መኪና ሲደርሱ የቀበሌው ማርሽ ባንድ መጫወት ጀምሯል። እንግዶቹ ወንበር ላይ ናቸው። ልጆቹ በገመዱ አጠገብ ተሰልፈዋል። አማቴ ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት። ቀና ብለው ዘንጉን አዩ።

«ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ኪሳቸው ገብተው ሰንጢያቸውን አወጡ። አንድ እግራቸውን መሰላሉ ላይ ሲያሳርፉ ያ የትናንቱ ጥበቃ መጣ።

«አባት፣ በዛሬ ቀን ቀዩን ሊፍቁት ነው?»

እንግዶቹ ያያሉ። ባንዱም ያያል። አማቴ ሰንጢውን አጥፈው ኪሳቸው መለሱት። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰው ሁሉ ፊት፣ ቀይ ቀለም በሰንጢ የሚፍቅ ሰው የት እንደሚያድር እኛ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሊቀመንበሩ ፈጠን ፈጠን እያለ መጣና እንጀምር አለ። አማቴ ወደ ጎን ወሰዱት። እኔም ተጠጋሁ። ስንጥቁን ነገሩት። ጭረቷን ሳያዩ ማዞር እንደማይችሉ ነገሩት።

ወደ ልጆቹ ሰልፍ ዞረ። ከስምንቱ ልጆች ሦስተኛዋ የእሱ ልጅ ናት።

«አይዞርም ብዬ ለእንግዶቹ ልንገር?» አለ ቀስ ብሎ። «አሻጥር ነው የሚሉት። ከእርስዎ ጀምረው እኔ ላይ ነው የሚጨርሱት።»

አማቴ መንኮራኩሩን ቀና ብለው አዩና፣ «እንግዲያው እንደ ልማዳችን ቤተሰቤ ይቅደም» አሉ።

ሊቀመንበሩ ገባው። አዋቂ ከልጅ ይከብዳል፤ እኛን ከተሸከመ እነሱንም ይሸከማል። ወደ እንግዶቹ አለቃ ሄደና የሠርቶ አደሩ ቤተሰብ አብዮቱን ለማክበር ቀድሞ መሳፈር ይፈልጋል አለው። እንግዳው ደስ አለውና አጨበጨበ። ሌላውም አጨበጨበ።

እኔ አንዱ ሣጥን ውስጥ ገባሁ። ሚስቴ ሌላው ውስጥ፣ የሚስቴ እናት ሦስተኛው ውስጥ ገቡ። አራተኛው ላይ፣ በእኔ ፊት ለፊት፣ ሁለት ጆንያ አሸዋ ተጫነ። የሚስቴ እናት ወፍራም ሴት ናቸው። ሣጥኑ ሲንቋቋ ባላቸውን ዞር ብለው አዩ።

«ሲያገቡኝ እኮ ቀጭን ነበርኩ» አሉ። «ያኔ ሠርተውት ቢሆን ምንም አይለውም ነበር።»

አማቴ አልሳቁም። ጆሯቸውን ምሰሶው ላይ ለጠፉ።

አንደኛው ዙር ደህና ሄደ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ፣ እኔ አናቱ ላይ ሳለሁ፣ ከበታቼ ሐዲዱ ይታያል፤ ስምንቱ ቀይ ስካርፎችም ይታያሉ። አራተኛው ዙር ላይ ሰማሁት። ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚሰጠው ዓይነት፣ አጭር ድምፅ ነው። ባንዱ እየተጫወተ ስለነበር ሌላ ሰው አልሰማም። አማቴ ግን እጃቸው መዘውሩ ላይ ቆመ።

የሚያወርዱበት ሥርዓት አለው። አንዱ ሣጥን ባዶ ሲሆን ፊት ለፊቱ ያለውም ወዲያው ባዶ መሆን አለበት፤ አለዚያ ዘንጉ ይጣመማል። መጀመሪያ የሚስቴን እናት አወረዱ፤ ግማሽ ዙር፣ እንደ እንቁላል ይዘው። ቀጥሎ በፊት ለፊታቸው የነበረችውን ሚስቴን። የሚቀረው እኔና አሸዋው ነን። ቀድሞ ታች የደረሰው አሸዋው ነው፤ ዘንጉ ሁለታችንን ይዞ ሌላ ግማሽ ዙር አይችልም ብለው ጆንያዎቹን አወረዱ። አሁን እኔ አናቱ ላይ ብቻዬን ነኝ፤ ከእኔ በቀር መንኮራኩሩ ባዶ ነው።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ መጨረሻ ላይ ያስቀረሁህ አንተን ነው» አሉ።

«እሺ፣ አባባ» አልኩ።

ግማሹን ወርጃለሁ ዘንጉ ሲበጠስ። መንኮራኩሩ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ተኛ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አቧራውን፣ ባንዱ አንድ በአንድ ዝም ማለቱን፣ የግራ እግሬ ወደማይታጠፍበት መታጠፉን ነው። ከልጆቹ አንዱም አልተነካ። አማቴን ወዲያው ያዟቸው። ሲወስዷቸው ፊታቸው ወደ እኔ ነበር።

ሐኪም ቤት ተኝቼ ሚስቴ የተሰበረውን ብረት በነጠላ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ስብራቱን አሳየችኝ። አብዛኛው ጥቁር ነው፤ ውስጡ ዘይትና ዝገት ገብቶበታል። ጠርዙ ላይ ብቻ የጣት ውፍረት ያህል ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ አለ። ነጩ የዚያን ቀን የተሰበረው ነው። ጥቁሩ ከዚያ በፊት ተሰንጥቆ የቆየ።

የሚስቴ እናት ብረቱን ቅበሪው ብለዋታል። ካዩት ስንጥቁን እያወቀ አቆየው ይላሉ፤ በገዛ እጃችን እናስፈርድባቸዋለን ብለዋል። እኔም ፈርቻለሁ። በግራም በቀኝም የሚነበብ ብረት ነው። አሻጥር እንዳልነበረ ያስረዳል፤ ደግሞም አማቴ ማወቃቸውን ያስረዳል።

ሚስቴ ግን ለምሳ ሰዓት ጠብቃ ሊቀመንበሩ ቤት ሄደች። ቢሮ አይደለም፣ ቤቱ። በኋላ እንደነገረችኝ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ብዙ ጊዜ አየው። ልጁ ከትምህርት ቤት ስትገባ እጇን እንድትታጠብ ነገራትና እንደገና አየው።

«ይህን ሌላ ያየ ሰው አለ?» አላት።

«እኛ ብቻ ነን።»

«ተዪልኝ» አላት።

ትታለት መጣች። ዘጠኝ ቀን ምንም አልሰማንም። የሚስቴ እናት ለእስረኛው ስንቅ ያደርሳሉ፤ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ በሕይወት አሉ ማለት ነው ይላሉ። ሚስቴ አልተኛችም። ብረቱን ለማን እንዳሳየው፣ ወይ ወንዝ ጥሎት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ማታ «ምናልባት አባቴን ገደልኩት ይሆን» አለችኝ።

በአሥረኛው ቀን አማቴ በእግራቸው ሐኪም ቤት መጡ። ሊቀመንበሩ ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሷል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ሲነበብላቸው የሰሙትን ነገሩን። ብረቱ የቀድሞው ሥርዓት ቅሪት ነው ይላል፤ ከጣሊያን ዘመን የመጣ፣ ከውስጡ የበሰበሰ፣ አብዮታዊው ቤተሰብ በራሱ ላይ ሞክሮ ጉዳዩን ያጋለጠ። በምትኩ ግቢው ለቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት እንዲሆን አማቴ አውራ ጣታቸውን አሳርፈዋል። መንኮራኩሩም ተነቅሎ ጣውላው ለአጥር ይውላል።

ሁሉም ሲወጣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለመናገር ያቆየሁትን ጀመርኩ፤ ስለ ቀለሙ። እጃቸውን አነሱ።

«ባትቀባው ስንጥቋን አያት ነበር» አሉ። «ካየኋት አይዞርም እላለሁ። እዚያ ሰው ሁሉ ፊት አይዞርም ብል...»

አልጨረሱትም። ብርድ ልብሱን ገለጡና ጀሶ የታሰረበትን እግሬን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጆሯቸውን ሊለጥፉበት ይመስል ጎንበስ ብለው።

«ያምሃል?»

«ሲነካ ብቻ።»

«እንግዲያው አልነካውም» አሉና መልሰው ሸፈኑት። እስኪመሽ ድረስ እዚያው ተቀምጠው ነበር።