እምቧጮና እምቦጭ

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅ ዞሮ ነው እኛ ሰፈር ግርጌ የሚደርሰው። እምቦጭ ግን ያን ሁሉ መንገድ አልደከመበትም። አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ በደብረ ማርቆስ አቋርጦ፣ ከወንድሜ ጋር መጣ።

ያኔ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የእናቴ ቤት ከይጁቤ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ፣ ሞቅ ካለው ጥግ ላይ ነው። ከቤቱ በታች አባቴ በዶማና በአካፋ ዓመታት ፈጅቶ የቆፈረው ኩሬ አለ። በበጋ ከብቶቹ የሚጠጡት፣ ድንቹና ነጭ ሽንኩርቱ የሚለማው በእሱ ነው። አባቴ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፤ ሊናገር የፈለገውን ሁሉ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የጨረሰው ይመስለኛል። እሱ ከሞተ በኋላ እርሻውን ታላቅ ወንድሜ ያዘ። ውኃ በባልዲ መቅዳት ሰለቸውና ጣና ዳር ከሚኖር ገበሬ ያገለገለ የውኃ ሞተር ከነቱቦው ገዝቶ መጣ።

የአባቴ ሙት ዓመት ሲወጣ እኔ ደብረ ማርቆስ አራስ ነበርኩ። እናቴ ደውላ፣ "አባትሽ ኩሬ ላይ አበባ ወጣ። ሐምራዊ ነው፤ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም" አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ከቀብሩ ወዲህ ያልሰማሁት ደስታ ነበረ። አበባው ከእሱ የተላከ ነው ብላ አምናለች። እኔም ደስ አለኝ፤ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በዓመቱ ለፋሲካ ልጄን አዝዬ ሄድኩ። መጀመሪያ ያየሁት ኩሬውን ሳይሆን ዳርቻውን ነው። በልጅነታችን ለጋውን እየሰበርን የምናኝከው፣ ጥርስ የሚያጠርሰው እምቧጮ ጉቶው ብቻ እስኪቀር ተመንጥሮ አልቋል። አባቴ አፈሩን ይይዝልኛል ብሎ ፍየል እንኳ እንዳይነካው የሚጠብቀው ቁጥቋጦ ነበር። አሁን ዳርቻው ራቁቱን ቀርቶ አፈሩ ወደ ውኃው መናድ ጀምሯል።

"ማነው ይህን የቆረጠው?" አልኩ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ።

"እኔ ነኛ" አለ ወንድሜ ኮራ ብሎ። "አንች ከተማ ተቀምጠሽ ሬዲዮ አትሰሚም? እምቦጭ ውኃ ያጠፋል፣ ቶሎ አስወግዱት ሲባል አይደል እንዴ የከረመው?"

ወደ ኩሬው ዞርኩ። ከግማሽ በላይ በወፍራም አረንጓዴ ቅጠል ተሸፍኗል፤ በየመሐሉ ሐምራዊ አበባ። ይህን ተክል ከባሕር ዳር አውቀዋለሁ፤ ሰዎች እስከ ወገባቸው ሐይቁ ውስጥ ገብተው ሲነቅሉት አይቻለሁ። እምቦጩ ውኃው ላይ ተንደላቆ ተኝቷል፤ ምንም ያላጠፋው እምቧጮ ተቆርጧል። የቅኔ አገር ሰዎች ነን እንላለን፤ እኛን ግን የስም መመሳሰል ጣለን። ልስቅ ነበር፣ ንዴቱ ቀደመኝ።

"እምቦጭ ማለት ያ ነው" ብዬ አበባውን በጣቴ አሳየሁት።

ወንድሜ አበባውን አየ፣ ጉቶዎቹን አየ። ኩራቱ ከፊቱ ላይ ሲወርድ ሳይ ሌላ ነገር መጨመር አልፈለግሁም። "ቱቦው ነዋ" አለ። "ስገዛው ከነጭቃው፣ ከነቅጠሉ ነበር። ውኃ ሲያገኝ ይጠራል ብዬ እዚሁ ነከርኩት።"

ከባዱ እናቴ ነበረች። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። "የአባትሽን አበባ ልታስነቅይብኝ ነው?" አለችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን የለመነችኝ ያህል ነው የተናገረችው። ክረምት ሲገባ ኩሬው ሞልቶ ይፈስሳል፣ አረሙም አብሮ ከታች ያሉት ሰዎች ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ዓባይ አለ አልኳት። ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ያን ቀን እራትም ለብቻዋ በላች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከብቶቹ ሊጠጡ ወረዱ። አባቴ ከጥጃነቷ ጀምሮ ያሳደጋት ላም አንገቷን ዘረጋች፣ ውኃውን ፈለገች፣ ቅጠል ብቻ አገኘች። ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች። በመጨረሻ ሳትጠጣ ቆመች። እናቴ ይህን አየች። ጀሪካን አንሥታ ወረደችና ቅጠሉን በእጇ እየገፋች ልትቀዳ ሞከረች፤ ገፍታው ሳትጨርስ ተመልሶ ይገጥማል። ባዶውን ጀሪካን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"አባትሽ የቆፈረው ውኃ ነው" አለች ቀና ስትል። "አበባ አይደለም።"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸንፍጣ ገባች። የመጀመሪያውን ከነረጅም ጥቁር ሥሩ የነቀለችው እሷ ናት። አበባውን ቀጥፋ ለብቻው አስቀመጠችው፤ በኋላ አባቴ መቃብር ላይ አኖረችው፣ እዚያው ደረቀ።

ወንድሜ ደቦ ጠራ። ከታች ያሉትም ሳይጠሩ መጡ፣ ነገ የእነሱም ውኃ ነውና። በመንሽ እየጎተቱ፣ በጆንያ እየተሸከሙ ከውኃው ራቅ ወዳለ ደረቅ ቦታ አወጡት፤ ሲደርቅም ተቃጠለ። "ዛሬስ የትኛውን ነው የምንቆርጠው?" እያለ ወንድሜን የማይጠይቅ ሰው አልነበረም። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ከሁሉ ጠልቆ የገባውም እሱ ነበር።

ነገሩ በአንድ ደቦ አላለቀም። ዘሩ ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ይቆያል ይባላል፤ እናቴም ጭቃውን አታምነውም። ኩሬውን በየጊዜው ዞራ ታያለች፣ ብቅ ያለውን ትነቅላለች። የሰው ሞተር ደግሞ እንዲሁ አይገባም። በቀደም አንድ ጎልማሳ ቱቦ ተሸክሞ ውኃ ሊስብ ሲመጣ፣ "ጫማ አውልቅ" አለችው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ላስቲክ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። "ያንተን አይደለም፣ የሱን" አለችው ቱቦውን እያሳየች። ቤተ ክርስቲያን በጫማ እንደማይገባ ሁሉ፣ እዚያ ኩሬ ውስጥም ያልታጠበ ቱቦ አይገባም። ራቅ ያለ ደረቅ መሬት ላይ አሳጥባ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ወንፊት በጣቷ ዳስሳ ነው ያሳለፈችው።

እምቧጮው ከየጉቶው አቆጥቁጧል። ለጋውን ሰብሬ ለልጄ አቀመስኳት፤ ፊቷን አጨማደደችና እጇን እንደገና ዘረጋች።

እናቴ አሁንም ትደውላለች። ስለ ከብቱ፣ ስለ ድንቹ አውርታ ስታበቃ፣ "ኩሬው ላይ ምንም የለም" ትለኛለች። ይህን ስትለኝ የምሰማው ድምፅ ያኔ አበባ ወጣ ስትለኝ የሰማሁት ነው።