ለክሊዮን የሚቆምለት ሰው

ናሽቪል፣ ጀፈርሰን ጎዳና ላይ ኦዜላ ፕሩዊትን አረፍ ብላ ያያት ሰው የለም። የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያ የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከቤት ቤት እየዞረች ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማን መቼ እንዳረፈ ትለቅማለች። የከተማዋንም ቀን አትረሳም፦ ጥቁር ተማሪዎች ነጭ ብቻ በሚስተናገድበት ምግብ ቤት ተቀምጠው አንነሳም ያሉበትን፣ ጎርፉ የመጣበትን፣ አውራ ጎዳናው ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆ የሙዚቃ ቤቶቹን ያፈረሰበትን።

የሙዚቃ ቤቶቹ በፈረሱ ሰሞን ነው ወንድሟ ክሊዮን ጊታሩን አንግቶ የወጣው። ወጣ፣ ቀረ። ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ።

በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የወሩ ልደተኞች ይቆማሉ፤ ምእመኑ ይዘምርላቸዋል። ክሊዮን ከሄደ ወዲህ የልደቱ ወር መጋቢት በመጣ ቁጥር የምትቆምለት ኦዜላ ናት። መቆሙን የተወች ዕለት እሱም የሚሞት ይመስላታል።

ታናሿ ሜቪስ ግን ሰለቻት።

“አንቺ ሴትዮ፣ ቢኖር እኮ ሰባ ሊሞላው ነው! እስከ መቼ ሰው ታስቂብናለሽ?”

“አስከሬኑን አይተሻል?”

“አላየሁም።”

“እንግዲያው አፍሽን ለዶሮ ጥብስሽ ቆጥቢው!”

ዘንድሮ ኦዜላን ጉንፋን ጣላት፤ የቀን መቁጠሪያውን ረቂቅ ማተሚያ ቤት ያደረሰችው ሜቪስ ሆነች። ታትሞ ሲመጣ ክሊዮን ካረፉት ተርታ ገብቷል። ሜቪስ ጩኸቱን ጠበቀች። ኦዜላ ግን አንብባው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

በመጋቢት የመጀመሪያ እሑድ ፓስተሩ ልደተኞቹን ጠሩ። የክሊዮን ስም የለም። ሜቪስ ወደ ጎን ሰረቅ አድርጋ አየች። ያቺ እግሯ የማያርፍ ሴት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ቁጭ ብላለች። ሜቪስ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

“ተነሺ እንጂ!” አለቻት በሹክሹክታ።

“ለሞተ ሰው አይቆምም። ሞቷል ያልሽው አንቺው አይደለሽ?”

መዝሙሩ ሊጀመር ሲል ሜቪስ ኮፍያዋ እስኪንጋደድ ብድግ አለች።

“ቆይ ፓስተር! አንድ ሰው ቀርቷል። ክሊዮን ፕሩዊት፣ ወንድማችን!”

ፓስተሩ ወረቀቱን አገላበጡ። “እህት ሜቪስ፣ እዚህ እኮ አርፈዋል ይላል።”

“የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው!” እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

“ታዲያ ስንት ዓመት ሞላቸው?”

“ሲመጣ ይጠይቁት!”

ኦዜላ ተነሳች። የእህቷን ኮፍያ አቃናችላት፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ሁለቱም አልተቀመጡም።